አባዬ ፔንሲዮን ሲያርፉ

«ለሰዓት ነው ለአዳር?» አለች እንግዳ ተቀባይዋ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ።

ሰገነት ከመመለሷ በፊት ዞር ብላ አባቷን አየች። አቶ ሣህሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል፤ ሰው ቤት ሲገቡ ልማዳቸው ነው። ጥያቄውን ሰምተውታል። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ የኋላ ወንበር ሹክሹክታ ለይተው የሚያውቁት ጆሮዎቻቸው እንደ ጉልበታቸው አልከዷቸውም። ትርጉሙ ገብቷቸው ከሆነ ግን ፊታቸው ላይ አይነበብም፤ የገባቸውን ነገር እንዳልገባቸው ሆነው ማለፍ እሳቸው የተካኑበት ሙያ ነው። «ለአዳር ነው» አለች ሰገነት፣ ፊቷ እስከ ጆሮዋ እየጋለ። «ሁለት ክፍል፣ ግራውንድ ላይ። በስልክ አስይዣለሁ።» ልጅቷ በመጨረሻ ቀና ስትል ያየችው አንድ ሽማግሌ፣ ሻንጣ የተሸከመ ጎልማሳ፣ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ሴት ልጅና በአንድ እጁ የአባቱን ሱሪ፣ በሌላው ብስኩት የያዘ ትንሽ ወንድሟን ነበር። እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሟት የሚያውቅ አይመስልም፤ «ሁላችሁም?» ብላ ጠየቀች።

ፔንሲዮኑ ከየካ ሚካኤል ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወደ ኮረብታው በሚወጣው የኮብልስቶን መንገድ ዳር ያለ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው። ሰገነት ያገኘችው ቴሌግራም ላይ ነበር። በፎቶው ላይ አንሶላው ነጭ፣ ፎጣው በዳክዬ ቅርጽ የታጠፈ፣ ከሥሩ ደግሞ «የእንጦጦን ተራራ በመስኮትዎ እያዩ ይንቁ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። በእውኑ ግን መስኮቱ የሚያየው የጎረቤትን ያልተለሰነ ግድግዳ ነው፤ እጁን የዘረጋ ሰው ብሎኬቱን ይነካዋል። አንሶላው አንድ ወቅት ነጭ እንደነበረ መገመት ይቻላል። ትራሱ ላይ ቀይ የተቀባ ረጅም ፀጉር ቀርቷል፤ ሳሙናው የሌላ ሰው እጅ ያሟሟው ቁራጭ ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ሲከፈት ሁለቴ አስነጥሶ ዝም ይላል፤ በሱ ፈንታ አንድ ቢጫ ጀሪካንና አንድ ጣሳ ተቀምጠዋል። በሩ የሚዘጋው ወንበር ሲደገፍበት ነው። አምፖሉ ሮዝ ነው። ከበሩ ጀርባ የተለጠፈው ማስታወቂያ ደግሞ «ሁለት ወንድ አንድ አልጋ ላይ ማደር ክልክል ነው» ይላል። የሰገነት ልጅ ምሥጋና ጮክ ብላ አነበበችውና፣ ወንድሟ ነአምን ከአያቱ ጋር ሊተኛ ቃል ተገብቶለት ስለነበር፣ ፖሊስ ይይዘው እንደሆነ አባቷን ጠየቀች።

«ጥሩ ነው» አሉ አቶ ሣህሌ፣ ክፍሉ መሐል ቆመው። «በጣም ጥሩ ነው። ሰፊም ነው።»

ሰገነትን ያቃጠላት ይሄ ነበር። አባቷ የቀረበላቸውን ነገር ነቅፈው አያውቁም። እናቷ በሕይወት ሳለች ወጡ ላይ ጨው ሲበዛ «ዛሬስ እጅ ያስቆረጥማል» ስለሚሉ፣ ምስኪኗ ወጧ ምን እንደሚመስል ለማወቅ መጀመሪያ ለልጆቿ ታስቀምስ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይበለው ይክፋው በምን ይታወቃል? አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጡ ፍራሹ መሐሉ ሰረጎደና ወደ ኋላ ሊንጋለሉ ምንም አልቀራቸውም። የሰገነት ባል ባሮክ ሊይዛቸው ሲንደረደር እጁን በቀስታ ገፋ አድርገው «ልስልስ ያለ ነው» አሉ። ከእግራቸው ሥር ከደብረ ብርሃን ድረስ ተሸክመውት የመጡት ቋጠሮ አለ። ነአምን ምን እንዳለበት ሊፈታ ቢሞክር «ተው፣ እሱ ለቤት ነው» ብለው ወደ ራሳቸው ጠጋ አደረጉት።

ሰገነትና ባሮክ የሚኖሩት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከገቡበት ዓመት አልሞላም፤ ጥርሳቸውን ነክሰው ቆጥበው ያገኙት የራሳቸው ቤት ነው። ሊፍት የለውም። አቶ ሣህሌ ደግሞ ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ደብረ ብርሃን ብቻቸውን ናቸው። ግንቦት ላይ ጓሮ ወድቀው ጎረቤት እስኪደርስላቸው እርጥቡ መሬት ላይ ቆይተዋል፤ ይህንንም ለሰገነት የነገረቻት ጎረቤቲቱ እንጂ እሳቸው አይደሉም። ከዚያ ወዲህ ሰገነት የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አባቷን አምጥታ ከእሷ ጋር ማኖር። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይባልም። ስለዚህ ልጆቹ ናፍቀውዎታል፣ እንጦጦ ማርያምንም ተሳልመው ይመለሳሉ ብላ ጠራቻቸው፤ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ አመቺ ሰዓት ጠብቃ ልትለምናቸው። እምቢ ካሉ የሚመጣውን ክረምት ብቻቸውን እንደሚከርሙ፣ ሁለተኛ ቢወድቁም ጎረቤት መኖሩ የእግዜር ፈቃድ እንደሆነ ታውቃለች።

ያስቸገራት ደረጃው ነበር። አባቷ ከዘራ የሚይዙት ሰው የማያያቸው ሲመስላቸው ነው፤ ዛሬም ቤት ጥለውት መጥተዋል። በእናቷ ተዝካር ላይ አንድ ወጣት ከመቀመጫቸው ሊያነሳቸው ክንዳቸውን ቢይዝ ቀኑን ሙሉ ተኮሳትረው ዋሉ። «አባዬ፣ ደረጃውን አይችሉትም» የሚል ቃል ከአፏ የሚወጣ አልሆነም፤ ስለዚህ ዋሸች። ቤቱ ቀለም እየተቀባ ነው፣ ሽታው አያስገባም፣ ሁለት ቀን ሁላችንም አንድ ቦታ እናርፋለን፣ እንደ ሽርሽር ይሆንልናል አለች። ከዚያ በኋላስ? ከዚያ በኋላማ ግራውንድ ላይ ቤት የሚቀያየራት ሰው ይገኛል፣ ወይ ሌላ መላ ይመጣል። ባሮክ «እውነቱን ብትነግሪያቸው አይሻልም?» ብሎ ነበር። እሱ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ነገር ፊት ለፊት የሚባል ይመስለዋል።

ጠዋት ላምበረት መናኸሪያ ሲቀበሏቸው ጀምሮ የሚያካፋው ዝናብ ከሰዓት በኋላ ብሶበት ወረደ፤ እንጦጦ መውጣቱም ለነገ ተላለፈ። ባሮክ የተሻለ አንሶላ ፍለጋ ወደ እንግዳ መቀበያው ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በሦስተኛው ልጅቷ ራሷ ሌላ አንሶላ ይዛ መጣች፤ ንጹሕ ነው፣ ግን ሲጋራ ያቃጠለው ቀዳዳ አለበት። ፀደንያ ትባላለች። ቁልፍ የምትሰጠው እሷ፣ አልጋ የምታነጥፈው እሷ፣ ከፊት ለፊት ባለው ባር ሰው ሲበዛ ድራፍት የምታወርደውም እሷ ናት፤ ባለቤቱ ደግሞ ውኃ ጠፋ ተብሎ ሲደወልለት ስልክ አያነሳም። አቶ ሣህሌ የየት አገር ልጅ እንደሆነች፣ ትምህርቷን የት እንዳቆመች ጠየቋት። ልጅቷ አንሶላውን እያነጠፈች መጀመሪያ በአጭሩ፣ ቀጥሎ ረዘም አድርጋ መለሰችላቸው፤ ስትወጣም በሩን በቀስታ ዘጋችው። ሰገነት ከቤት ያመጣችውን ኦሞ ይዛ መታጠቢያ ቤቱን ልትፈገፍግ ገባች። የምትለምንበትን ቃል በልቧ እየደረደረች ነበር፤ አመሻሽ ላይ፣ ምግብ ተበልቶ ሁሉም ሲጠግብ ትጀምራለች።

አባቷ ከምሥጋና ጋር ሲጨዋወቱ ይሰማታል። ስለ ትምህርት፣ ከክፍሏ ስንተኛ እንደወጣች፣ ስለ አስተማሪዋ ተጠያየቁ። ከዚያ አቶ ሣህሌ «ቀለሙስ እንዴት ነው? ምን ዓይነት ቀለም መረጣችሁ?» አሉ።

«የምኑ ቀለም?»

«የቤታችሁ ነዋ።»

«ቤታችን ቀለም አልተቀባም፣ አባባ። ድሮም ነጭ ነው። ነአምን ግድግዳው ላይ መኪና ሥሎበት እማዬ ተቆጥታው ነበር፤ አሁንም አልጠፋም።»

ሰገነት መፈግፈጉን አቆመች። ውኃው በክርኗ እየወረደ የሚቀጥለውን ጥያቄ ጠበቀች፤ ለምን እንዲህ አላችሁኝ የሚለውን። ቢመጣ ኖሮ ይሻላት ነበር። የመጣው ግን «ጎበዝ ሠዓሊ ነዋ። ምን ዓይነት መኪና ነው የሣለው?» የሚል ነበር። ነአምን ሲኖትራክ መሆኑን በኩራት አስረዳ። ከዚያ በኋላ ከባሩ የሚመጣው ሙዚቃ ብቻ ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል።

እጇን አድርቃ ስትወጣ አባቷ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ መስኮቱን፣ ማለትም የጎረቤቱን ብሎኬት ያያሉ። «ነገ በጠዋቱ መኪና ብመለስ ሳይሻል አይቀርም» አሉ ሳይዞሩ፣ ፍጹም በሰላማዊ ድምፅ። «ጓሮ የተከልኩት ድንች አለ። ይሄ ዝናብ እንዳያበሰብሰው።»

«እንጦጦስ?»

«ማርያም ታውቅልኛለች። ሌላ ጊዜ።»

ሰገነት ቆማ ቀረች። ስትደረድር የዋለችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። ከቤት የተባረረች እሷ ራሷ የሆነች መሰላት። ባሮክን ብታየው እሱም ጣራውን ያያል፤ ጣራው ላይ ደግሞ የዝናብ ውኃ የሣለው ትልቅ ቡኒ ክብ አለ። ነአምን አልጋው ላይ ሲዘል ፍራሹ ይንጫጫል፣ እሱንም የሚከለክለው ጠፋ።

እራት የበሉት ገና ሳይመሽ፣ ባሩ በረንዳ ላይ ነው። ሜኑው ባለ ፕላስቲክ ልባስ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው፤ ጥብስ አልቋል፣ ዶሮ አልቋል፣ ዓሣ ድሮውንም አልነበረም። የቀረው ሽሮ ብቻ ነው። ሽሮውም ልጆቹ ርቧቸው ማኩረፍ እስኪጀምሩ ድረስ ቆይቶ መጣ። አጠገባቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰውዬና አንዲት ወጣት ሴት አንገት ለአንገት ተጠጋግተው ይንሾካሾካሉ። ወጣቷ ልጆቹን ስታይ ወንበሯን ትንሽ ፈቀቅ አደረገች። አቶ ሣህሌ ሽሮውን በሉት፤ ጥሩ ነው አሉ። ለልጆቹ አጎረሱ፤ ለሰገነትም አጎረሷት።

ባሮክ ዝምታው ጨነቀው። ነገር የሚጠገንበትን መንገድ ሲያስብ የመጣለት ሁልጊዜ የሚሠራው ነው፤ አማቱ በልተው ሲያበቁ ሳይመርቁ ተነስተው አያውቁም። በሠርጉ ቀን መርቀው መርቀው ድንኳን ሙሉ ሰው አሜን ሲል እግሩ እስኪዝል አቁመውታል። ስለዚህ ብድግ ብሎ ጎንበስ አለና «እንግዲህ አባባ፣ ይመርቁን» አላቸው። ሰገነት ተነሳች። ልጆቹም ተነስተው እንደ ለመዱት መዳፋቸውን ዘረጉ። የሚንሾካሾኩት ሁለቱ እንኳ ዝም አሉ።

አቶ ሣህሌ የተዘረጉትን እጆች አንድ በአንድ አዩ። በረንዳውን አዩ፣ የቢራውን ሳጥን ክምር አዩ፣ የተሰነጠቀውን መስታወት አዩ።

«አልመርቅም» አሉ።

ሰገነት አባቷ የተጠየቁትን እምቢ ሲሉ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። ባሮክ እጁን እንደዘረጋ ደንግጦ ቀረ። ትንሹ ነአምን ደግሞ ነገሩ ስላልገባው «አሜን» አለ።

«እዚህ አልመርቅም፣ ልጄ» አሉ አቶ ሣህሌ፣ ወደ ባሮክ ዞረው። «ምርቃት የሚያርፍበት ቤት ይፈልጋል። እዚህ ተቀምጬ ቤቱ ይሙላ፣ ማዕዱ አይጉደል፣ እንግዳ አይጥፋበት ብል ለማን ነው የምመርቀው? ስልክ ለማያነሳው ሰውዬ አይደለም? የሱ ንግድ እንዲሰፋ ነው ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት?» ባሮክ ሳቁን ለመዋጥ ከንፈሩን ነከሰ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ወደ ሰገነት ዞረው ድምፃቸውን ቀነሱ። «እኔ የመጣሁት የልጄን ቤት ልመርቅ ነው። እናትሽ ሳታየው ሄደች። እኔ እንኳ አይቼ ልንገራት ብዬ ነው። እናንተ ግን ዘመድ እንደሌለው ሰው ፔንሲዮን አስገባችሁኝ፤ በዚያ ላይ ቤቱ ቀለም ላይ ነው አላችሁኝ። አልከፋኝም። ለእኔ የሚሆን ቦታ ከሌለ ቦታ የለም ማለት ነው። ውሸቱ ነው ያልተመቸኝ።»

«አራተኛ ፎቅ ነው» አለች ሰገነት። ድምፅዋ ከአሰበችው በላይ ጮኸ። «ሊፍት የለውም፣ አባዬ። አራት ፎቅ ነው። ጉልበትዎን ፈርቼ ነው። ይሄን ብነግርዎት ይከፋዎታል ብዬ ነው። እኔ እርስዎን ሳልፈልግ ቀርቼ…» አልጨረሰችውም፤ እንባዋ ቀደማት። ምሥጋና እናቷ ስታለቅስ አይታ ቀሚሷን ያዘች።

አቶ ሣህሌ «ጉልበቴን ጠየቅሽው?» አሏት።

«አልጠየቅኩም።»

«እኔንስ?»

«አልጠየቅኩም።»

«እና ለዚህ ብለሽ ነው ልጆቹን ሮዝ መብራት ሥር ልታሳድሪያቸው የነበረው?» ባርኔጣቸውን አንስተው ራሳቸው ላይ ደፉ። «በሉ ተነሱ፤ ቤታችን እንሂድ።»

ባሮክ ሻንጣውን ሊያወጣ ሲሮጥ ፀደንያ መቀበያው ጋ ጠበቀችው። የተከፈለ እንደማይመለስ የሚገልጸውን ማስታወቂያ እያሳየች እጇን አፋተገች፤ እሷም ያፈረች ይመስላል። እሱ ሊከራከር አፉን ሲከፍት አማቱ ቀደሙትና ልጅቷን በሁለት እጃቸው ጨበጧት። «አንቺን ግን ያሳድግሽ፣ ትምህርትሽን ያስጨርስሽ» አሏት። «ቤቱን አይደለም፣ አንቺን ነው።» ልጅቷ ጎንበስ ብላ አሜን አለች፤ ቀና ስትል ስልኳ የት እንደወደቀ ጠፍቷት ነበር።

የኮንትራት ታክሲው አባዶ እስኪደርስ መሸት አለ፣ ዝናቡም አባራ። ደረጃው ሥር ቆሙ። አቶ ሣህሌ ወደ ላይ ቀና ብለው ሕንፃውን እስከ ጣራው አዩት፣ የብረት መደገፊያውን ያዙ፣ ወጡ። አንደኛ ፎቅ ሲደርሱ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ሶሬቲ የምትባለው ነርስ ጫማዋን ልታራግፍ በሯን ከፍታ ሽማግሌውን አየች። ምንም አልጠየቀችም። ገብታ የፕላስቲክ ወንበር ይዛ ወጣችና ከአጠገባቸው አስቀመጠችው፤ «እንኳን ደህና መጡ፣ አባባ። እንግዳ ቆሞ አያልፍም» አለች። ወንበር ደግሞ ክንድ እንደ መያዝ አይደለም፤ ለእንግዳ የሚቀርብ ነገር ነው። አቶ ሣህሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ፤ የየት አገር ልጅ እንደሆነች ጠየቋት፤ አባቷ የእርሻ ሰው መሆኑን ሲሰሙ ስለ ዘንድሮው ዝናብ በደንብ ተነጋገሩ። ሲነሱ ማንም አልደገፋቸውም።

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ሳይወጣ አልቀረም፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ወንበር አውጥተው፣ ትራስ ደርበውበት፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዘው ቆመው ጠበቋቸው። እዚያ ስለ ጉልበት ተወራ። ወይዘሮዋ የራሳቸውን ጉልበት ሕመም አንስተው ሲያማርሩ አቶ ሣህሌ «እኔንም ይለኛል፣ በተለይ የግራው» አሉ፣ በሰው ፊት፣ ልጃቸው እየሰማች። ሰገነት ወደ ግድግዳው ዞረች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ወንደላጤ ቤቱ አልነበረም፤ ባሮክ ሮጦ ከቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ወንበር አወረደ። ከዚያ በላይ ያለው የደረጃ መብራት ተቃጥሏል። ምሥጋና የእናቷን ስልክ አብርታ ከፊት ሄደች፤ ነአምን ቋጠሮውን በሁለት እጁ አቅፎ ተከተላት። አቶ ሣህሌ አንድ እግር ያስቀድማሉ፣ ሌላውን ያመጡና ከጎኑ ያሳርፋሉ፣ ይቆማሉ። ሰገነት ከኋላቸው ናት። ሁለት እጇን ዘርግታ ከጀርባቸው አጠገብ አድርሳቸዋለች፤ ቢንገዳገዱ እንድትይዛቸው ቅርብ፣ እንዳይታወቃቸው ግን ራቅ አድርጋ። እስከ ላይ ድረስ አልነካቻቸውም።

በሩ ላይ ትንሽ ቆሙና በቀኝ እግራቸው ገቡ። ሳሎኑ ውስጥ ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ ጠበቀ። አቶ ሣህሌ እጃቸውን አነሱ፤ አፋቸውን ከፈቱ፤ ትንፋሽ አልነበራቸውም። ደረታቸው ከፍ ዝቅ እያለ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ልጆቹ ግን ተራው እንዳያልፋቸው አሜን፣ አሜን እያሉ ይቀበላሉ፤ ባሮክም አሜን ይላል። ድምፃቸው የተመለሰው መጨረሻው ላይ ነው፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ሳታየው ስለሄደችው ባለቤታቸው እየተቆራረጠም ቢሆን ተናገሩ። ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

ሰገነት ከፊታቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ቀኑን ሙሉ ልትለው የፈለገችው ነገር አሁንም አልተባለም። እንደገና ይጠፋብኛል ብላ ፈራች። «አባዬ» አለች፣ «አንድ የምነግርዎት ነገር…»

«ቆይ» አሏት። የግራ ጉልበታቸውን በሁለት መዳፋቸው እያሹ፣ የመጡበትን በር እያዩ ነው። «እንግዲህ እኔ ወጥቻለሁ። ማን ያወርደኛል?»

ሰገነት ተነስታ የመጡበትን በር ዘጋችው።

«ማንም አያወርድዎትም» አለች።

አቶ ሣህሌ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር መፍታት ጀመሩ።